ጠብቆ ነው ላልቶ

«ገና» የሚለውን ቃል በደብዳቤ ላይ አልጽፍም። ሰው ደጄ መጥቶ «ለገና እመጣለሁ በይልኝ» ሲለኝ «ለልደት» ብዬ እጽፍለታለሁ። «ገና አልዳንሁም» ካለኝ ደግሞ «እስካሁን አልዳንሁም» አደርገዋለሁ። አንዳንዱ ይነጫነጫል፤ «እሜቴ አስካለማርያም፣ እኔ ያላልሁትን ለምን ይጽፋሉ?» ይላል። እኔም «ካልጣመህ ወንዶቹ ጸሐፊዎች ዘንድ ሂድ» እለዋለሁ። እንደማይሄድ አውቃለሁ። የደብረ ብርሃን ወንድ ጸሐፊ ከቀትር በኋላ ጠጅ ቤት ስለሚውል እጁ ይንቀጠቀጣል።

ይህ አመል የያዘኝ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ባነበብሁት አንድ ደብዳቤ ነው። በዚያ ደብዳቤ የተነሣ የአክስቴ እጮኛ ሞተ። አክስቴም አባቴን እንደ ገዳይ ቆጥራው እስኪሞት ድረስ አላነጋገረችውም። ያነበብሁት እኔ መሆኔን ግን አታውቅም ነበር።

ቤታችን ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ወደ በረሳ ወንዝ በሚወርደው ተረተር ላይ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ይጨሳል። እኔ ምድር ከእንቅልፏ ነቅታ የምትተነፍስ ይመስለኝ ነበር። እናቴ እኔን ስትወልድ ስለ ሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ ታናሽ እኅት አልታየች ናት። እቴቴ ነበር የምላት። ከማለዳ ጀምሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ብናኙ በበሩ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ እኔ ጭኗ ላይ ጋደም ብዬ አየዋለሁ። እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃም ብናኙ አለ፣ እቴቴም አለች፤ የትኛው ሕልም የትኛው እውን እንደ ሆነ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የአገሩ ሹም ወታደሩን በየባላገሩ ቤት መርቶ አስፍሮ ነበር። ለእኛ የደረሰን ወልደአረጋይ የሚባል ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ገብሳችንን ይበላል፤ በቅሎው ጭዳችንን ትበላለች፤ አባቴ የሚተኛበት መደብ ላይ ይተኛል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። እኔን «አንቺ የመሪጌታ ልጅ፣ ዛሬስ ስንት ፊደል ገደልሽ?» እያለ ያሾፍብኛል።

ትልልቆቹ ስለ ሠርግ ማውራት የጀመሩት እሱ ቤታችን ከገባ ወዲህ ነው።

«ሙሽራው ምን ይላል?» ትላለች እቴቴ፣ እንዝርቷን እያሽከረከረች።

«ሚዜ በዝቶበታል። ሥንቅ አጥሮናል ነው የሚለው» ይላታል አባቴ።

«የሙሽራይቱ ወገንስ?»

«ድግሱን ሳንጨርስ አትምጡብን ይላሉ።»

ወልደአረጋይ ከምድጃው ጥግ ሆኖ «ጠጅ ካለበት እኔም ሚዜ ልሁን!» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። የእቴቴ ሳቅ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር።

ሠርጉ የማን እንደ ሆነ ማንም አልነገረኝም፤ መነገርም አያስፈልገኝም ነበር። የእቴቴ ነው። ሙሽራው ደግሞ ታመነ ነው። ታመነ ከሞረት የበግ ጠጉር በአህያ ጭኖ የሚመጣ ባላገር ነበር፤ ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ጠጉሩን ካራገፈ በኋላ ከእቴቴ ጋር አጥሩ ሥር ቆመው ሲያወሩ ብዙ ቀን አይቻቸዋለሁ። ለእሱ ብላ ከፈተለችው ጠጉር የሚደረብ ጥቁር ባና አሠርታ በሣጥን አስቀምጣለች። አባቴ ብቻ ነበር ፊቱን የሚያጠቁረው፤ «የካህን ልጅ ለአራሽ» ይላል። እሷም «ለመልእክት ያመንኸውን ሰው ለእኅትህ አታምነውም?» ትለዋለች።

ሙሽራው ግን ታመነ አልነበረም። ፊታውራሪ ገብረአማኑኤል ነበሩ፤ በሹሙ ላይ ሸፍተው፣ ወታደር ገብሱን የበላበትን ባላገር ሦስት መቶ ያህል ይዘው ጀማ ቆላ የገቡት። ሠርግ የሚሉት ደብረ ብርሃንን የሚይዙበትን ቀን ነው። የሙሽራይቱ ወገን የተባሉት አንኮበር የተቀመጡት እመት ወለተሐና ናቸው፤ መኳንንቱን በምስጢር የሚያስተባብሩት፣ መሣሪያውን የሚሰበስቡት፣ ቀኑንም የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጡት ካወጣሁ በኋላ ነው። ያኔ እመት ወለተሐና በእኔ ሐሳብ በመቶ ጋን መካከል የተቀመጡ፣ ክንዳቸው እንደ ምሰሶ የወፈረ ደጋሽ ነበሩ።

ደብዳቤው ከአንኮበር የሚመጣው በአንዲት አሮጊት መነኩሴ ነው፤ በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ክታብ ውስጥ ተሰፍቶ። ከእኛ ወዲያ ግን ወረቀት አያልፍም። በሞረት መንገድ ላይ ኬላ ነበረ፤ ክታብ ሳይቀር ይፈታሉ። ስለዚህ አባቴ ደብዳቤውን ለታመነ ያነብለታል፤ ታመነ በቃሉ ይይዘዋል፤ ወረቀቱም እሳት ይገባል። ታመነ ፊደል አይቆጥርም፤ የሰማውን ግን አንዲት ቃል አይጥልም። ሲያጠና ከንፈሩን ስለሚያንቀሳቅስ፣ እኔ ደብዳቤውን የሚበላው ይመስለኝ ነበር። ቆላ ወርዶም አፉን ሲከፍት ደብዳቤው እንዳለ የሚወጣ።

የአባቴን ነገር ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል።

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ሲባል ከመንዝ እስከ ቡልጋ የታወቀ ጸሐፊ ነው። ቅዳሴውን በቃሉ ያውቀዋል፤ መንገዱን እግሩ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ማንም አልነቃበትም። ወረቀት ሲሆን ግን ያለ እኔ ምንም አያደርግም። «ይህ ከታወቀ ምስጢሩን ለሌላ ጸሐፊ ይሰጡታል፤ ያ ሌላው ደግሞ ለሹሙ ይሸጠዋል» ይለኝ ነበር። «ለአክስትሽም እንዳትነግሪ።» የፈራው እውነት ነው። አሁን ሳስበው ያፍርም ነበር።

ሥራችን ብራና በሚፋቅባት ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። ወልደአረጋይ የቁርበቱን ሽታ ስለማይወድ እዚያ አይመጣም። ታመነ ከቆላ ይዞት የመጣውን ቃል በአንድ ትንፋሽ ይለዋል፦ «እናቴ ሆይ፣ ሚዜዎቼ ጥሬ እየቆረጠሙ ነው። ሠርጉ ካልፈጠነ ሚዜ ይበተናል። ሚዜ የሌለው ሙሽራ ብቻውን ምን ያደርጋል?» እሱ ከወጣ በኋላ አባቴ ይጽፋል፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ እጁ ሲስት ወደ መስመሩ እመልሰዋለሁ። ከሳምንት በኋላ የእመት መልስ ይመጣል፦ «ልጄ ሆይ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የድግስ ቀን የሚቆረጠው በሚዜ ረኃብ አይደለም።» እንዲህ እየተባባሉ ጥቅምትና ኅዳር አለፈ። እኔ የእሳቸው መልስ በመጣ ቁጥር እናደዳለሁ። ሠርጉን ለምን ያዘገዩታል? እቴቴ ፀጉሬን ለሠርጉ እንደምትሠራኝ ቃል ገብታልኛለች፤ ቀሚስም ታስቦልኛል።

አባቴ ንባብ ሲያስተምረኝ ከሁሉ ይልቅ የሚቆጣው በማጥበቅና በማላላት ነበር። «ፊደሉ ይህን አይነግርሽም» ይለኛል። «‹አለ› ሲላላ ‹ተናገረ› ነው፤ ሲጠብቅ ‹ይገኛል› ነው። ጽሕፈቱ አንድ ነው። ከፊቱና ከኋላው ያለውን አይተሽ ፍረጂ።» እኔም በራሴ አሳብ ፈራጅ ሆኛለሁ። ዳዊት ደግሜአለሁ፤ የሚያህለኝ የለም።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከቀትር በኋላ፣ መነኩሴዋ መጡ። ወልደአረጋይ በቅሎውን ሊያጠጣ ወደ በረሳ ወርዷል። መነኩሴዋ ክታባቸውን ሰጥተው፣ ቆሎ ዘግነው፣ ሳይቀመጡ ሄዱ። አባቴ ስፌቱን በወስፌ ፈታና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው፤ የመነኩሴዋ ላብ ዳር ዳሩን ቢጫ አድርጎታል። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን እንዲህ ተጽፎ አየዋለሁ፦

«መልእክት የተላከ ከወለተሐና። ይድረስ ከልጄ ከሙሽራው። እንዴት ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስለ ሠርጉ ቀን የላክህብኝ ደረሰኝ። የሠርጉ ቀን ገና ነው። ጌሾው አልተወቀጠም፣ ብቅሉም አልደረቀም። ሚዜዎችህን ሰብስበህ ጠብቅ።»

በዐይኔ አንድ ጊዜ ሄድሁበት። «የሠርጉ ቀን ገና ነው» ከሚለው ስደርስ ልቤ ዘለለ። በመጨረሻ ቀኑ ተቆረጠ! የልደት ዕለት! ጾሙ ይፈታል፣ ለጨዋታው ዱላና የእንጨት ሩር ይወጣል፣ እቴቴ ትዳራለች። ለአፍታ እንኳ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል ብዬ አላሰብሁም። ልጅ ነበርሁ፤ ለልጅ «ገና» አንድ ነገር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳይ ግን ፊቴ ጋለ። ጌሾው አልተወቀጠም? ትናንት እኮ እቴቴ ለበዓሉ ጠላ ጌሾ ስትወቅጥ ውላ መዳፏ ተልጧል፤ ጌሾውን ያበጠርሁት እኔ ነኝ። ብቅሉም ደርቆ በእንቅብ ተቀምጧል። ይህች አንኮበር የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ እቴቴን ሰነፍ ናት ብላ ለሙሽራው እየጻፈችባት ነው! ታመነ ይህን ሰምቶ ቢተዋትስ? አባቴስ «አላልሁሽም?» ቢላትስ? እቴቴን ሊሰድብ የመጣ መስመር በእኔ አፍ አይወጣም ብዬ ወሰንሁ።

ጮክ ብዬ አነበብሁ። «ገና»ን አጠበቅሁት። የጌሾውን መስመር ዘለልሁት።

አባቴ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። ከዚያ «መልሽው» አለኝ። መለስሁት።

«ጠብቆ ነው ላልቶ?»

«ጠብቆ ነው፣ አባዬ።»

«ከኋላው ምን ይላል?»

«‹ሚዜዎችህን ሰብስበህ ጠብቅ› ይላል።»

«በቃ? ሌላ የለም?»

«የለም።»

ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። ጉልበቱን በመዳፉ መታ። «ብልህ ሴት!» አለ። «በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ሜዳ ይወጣል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ሦስት መቶ ሰው ቢመጣ ማን ይጠረጥራል?»

እኔ ስለ ሠርግ ጨዋታ የሚያወራ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ታመነ ጠጉር ጭኖ መጣ። አባቴ ወረቀቱን ዓይኑ ፊት ይዞ በቃሉ የያዘውን «አነበበለት»፤ እኔ ጥግ ተቀምጬ ወረቀቱን ገልብጦ እንዳይዘው ስጸልይ ነበር። ታመነ ሦስት ጊዜ ደገመው። ሦስቱንም ጊዜ አጠበቀው። ወረቀቱ ምድጃ ገብቶ ሲጠቁር ያቺን ክፉ መስመር ተገላገልሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሲወጣ እቴቴ ጥቁሩን ባና ትከሻው ላይ ጣለችለት። «በዚያ ቀን ለብሰኸው ና» አለችው። ዓይኖቹ እስኪጠፉ ሳቀና ሄደ።

የልደት ዕለት ከማለዳው ቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሜዳ ወጣ። ጉሙ ከወንዙ አልተነሣም ነበር፤ ተጫዋቾቹ ከወገብ በታች በጉም ውስጥ ስለ ሆኑ እግር የሌላቸው ይመስላሉ። ሩሩ ሲመታ ድምፁ ይሰማል እንጂ አይታይም። ወልደአረጋይ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። በዙሪያችን ወታደር እንደ አሸን ነው። ሹሙ ለበዓሉ ግብር ከየአምባው ያለውን ሁሉ ጠርቶ ኖሯል። እመት ወለተሐና ይህን ያውቁ ነበር። ባሩዱም አልደረሰላቸውም፤ በእሳቸው ቋንቋ ጌሾ ማለት ባሩድ፣ ብቅል ማለት ጥይት ነበር።

ከሞረት መንገድ በኩል ነጭ የለበሱ ብዙ ሰዎች ዱላቸውን አጋድመው በጉሙ ውስጥ መጡ። እየዘፈኑ ነው የሚመጡት። ከፊት አንዱ ብቻ ጥቁር ለብሷል።

«ሙሽራው!» አልሁ። «ሙሽራው መጣ!»

እልል አልሁ። አጠገባችን የነበሩ ሴቶች ለምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ተቀበሉኝ፤ ሜዳው በእልልታ ተሞላ። ወዲያው ተኩስ ተሰማ። በሠርግ ይተኮሳል፤ ስለዚህ አልደነገጥሁም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ ቆጠርሁ። ወልደአረጋይ ግን ትከሻው ከሥሬ ሲጠነክር ተሰማኝ። አውርዶ ሣሩ ላይ አቆመኝና «ቤትሽ ግቢ። ሩጪ» አለኝ። ጠመንጃውን ከጀርባው አወረደ። ከዚያ ጉሙ ዋጠው።

ከቀትር በኋላ አራት ሰዎች በቃሬዛ ሰው ተሸክመው በደጃችን አለፉ። ጥቁር ባና ለብሷል። ሙሽራ በበቅሎ ይሄዳል እንጂ በሰው ትከሻ ለምን ይሄዳል ብዬ አሰብሁ። እቴቴ ስትጮህ ነው ሠርግ አለመሆኑን ያወቅሁት። አርባ ሁለት ሰው ሞተ። ፊታውራሪ አምልጠው ቆላ ተመለሱ፤ ግን ከዚያ ወዲያ የተከተላቸው አልነበረም።

መነኩሴዋ በአሥራ አምስተኛው ቀን መጡ። በዚህ ጊዜ ክታብ አልያዙም። እቴቴ ማቅ ለብሳ መሬት ተቀምጣለች፤ እኔ ከአባቴ ጎን ነኝ። ወልደአረጋይ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም።

«መሪጌታ» አሉ መነኩሴዋ ቆመው። «እመት እንዲህ ብለው ልከውኛል፤ ‹ቀኑ አልደረሰም ብዬ ጻፍሁ። ጌሾው አልተወቀጠም፣ ብቅሉ አልደረቀም ብዬ ጻፍሁ። ይህን ያነበበ ሰው እንዴት ለልደት ይወርዳል? ደብዳቤዬን ያነበበው ማን ነው?›»

አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። የማያዩት ዓይኖቹ ግንባሬ ላይ ዐረፉ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያልገባኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ አፌን ከፈትሁ። እሱ እጄን ፈልጎ አገኘና እስኪያመኝ ጨበጠው።

«እኔ ነኝ ያነበብሁት» አለ።

እቴቴ ቀና አለች። «የጌሾው ነገር ነበረበት?»

«ነበረበት።»

«ለታመነ ነገርኸው?»

«አልነገርሁትም።»

«ለምን?»

አባቴ እጄን አልለቀቀም። ዓይኔ አያይም፣ ልጄ ናት ያነበበችው ቢል አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አላለም።

«እኔ አውቃለሁ ለምን እንደ ሆነ» አለች እቴቴ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ለአራሽ አልሰጥሽም ብለህ ነበር። ይኸው፣ አልሰጠኸኝም።»

በማግሥቱ ማለዳ ከመነኩሴዋ ጋር ወደ አንኮበር መንገድ ወጣች። ውርጩን እየረገጥሁ ተከተልኋት። ዞር ብላ «ተመለሽ፣ ይበርድሻል» አለችኝ። ጉሙ ውስጥ ገብታ እስክትጠፋ አየኋት፤ ከጠፋችም በኋላ ዝም ብዬ ቆምሁ።

ቤት ስገባ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጧል። «ሰነፍ ናት ያሏት መስሎኝ ነው» አልሁት እያለቀስሁ። «እቴቴን የሰደቧት መስሎኝ ነው።» ነገሩ እስኪገባው ጥቂት ቆየ። ገብቶት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተበላሸበትና ራሱን በጋቢው ሸፈነ። ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይኔን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ለስምንት ዓመት ልጅ የአርባ ሰው ነፍስ ያስያዝሁት እኔ ነኝ። እኔ እስክሞት ይዤው እኖራለሁ። ስሞት ግን ንገሪያት።»

ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። እቴቴ ከአንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ተቀምጣ ጠጉር እየፈተለች መኖሯን ከመንገደኛ እንሰማለን። በየዓመቱ ደብዳቤ ይልክላታል፤ እሱ እየነገረኝ እኔ እጽፋለሁ፤ ሰላምታ እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። አንዱም መልስ አላገኘም። ሲሞት መርዶ ላክሁባት። ለቀብር አልመጣችም። ለአርባውም አልመጣችም።

እኔም አልነገርኋትም። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ እያልሁ ስምንት ዓመት አሳለፍሁ። ምክንያት አልደረድርም፤ ፈራሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ሞቶብኛል፤ እሷንም ማጣት ፈራሁ። ሙት አባቴ በእኔ ፈንታ መጠላቱን እንዲቀጥል ተውሁት።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ከወንድሟ ተጣልታ የዕርቅ ደብዳቤ ልታስጽፍ መጣች። «ሳይሞትብኝ ፍጠኝልኝ እሜቴ» አለችኝ። ጻፍሁላት። በማግሥቱ በቅሎ ተውሼ ጎረቤላ ወረድሁ።

እቴቴ ደጃፏ ላይ እየፈተለች አገኘኋት። ሸብታለች። አቀፈችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አስቀመጠችኝ። ከመብላቴ በፊት ልናገር ብዬ ሁሉንም ነገርኋት፤ የአባቴን ዓይን፣ ያጠበቅሁትን ቃል፣ የዘለልሁትን መስመር። እንዝርቱ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ። አላነሣችውም።

«ዓይኑ አያይም ነበር?» አለች።

«አያይም ነበር።»

«መስመሩን ለምን ዘለልሽው?»

«አንቺን ሰነፍ ናት ያሉሽ መስሎኝ ነው። ጌሾውን ወቅጠሽ እጅሽ ተልጦ ነበር።»

«ለእኔ ብለሽ?»

«ለአንቺ ብዬ።»

ፀሐይ ከበሩ ወደ ግድግዳው ሄደች። ይቅር ልትለኝ ወይም ልትረግመኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ የትኛውም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

«መቃብሩን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ነገ ትወስጂኛለሽ።»

ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። እሷ በበቅሎዋ ላይ፣ እኔ በእግሬ። ሥላሴ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። መቃብሩን አሳየኋት፤ የድንጋይ ክምር ነው፣ ሣር በቅሎበታል። ክንዷን ልይዝ ስል ገፋችኝ።

«አንቺን በኋላ እመለስብሻለሁ» አለች። «መጀመሪያ ወንድሜን ላልቅስ።»

ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ ጮኸች። «ወንድሜ! ወንድም ጋሼ! ያለ በደልህ የረገምሁህ!» ደረቷን ትመታለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። ሬሳው ፊቷ እንደ ተዘረጋ ሆና አለቀሰች። እኔም ሲቀበር ያላለቀስሁለትን ያህል አለቀስሁለት።

ከገበያ የምትመለስ አንዲት የማናውቃት ሴት ድምፁን ሰምታ ከመንገዱ ወደ እኛ መጣች። ጀርባዋ ላይ ጭነት አለ።

«ማን ነው የሞተባችሁ እናቴ?» አለች።

«ወንድሜ ነው» አለች እቴቴ።

«ነፍስ ይማር። መቼ ነው?»

እቴቴ ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች።

«ዛሬ ነው የሞተብኝ።»

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችም። ጭነቷን አውርዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከጎናችን ተቀምጣ አብራን አለቀሰች።